ቢጫዋ መብራት ስትበራ ማሽኑን አያጥፉት

የፕላዝማ መቁረጫ፣ ማለትም በኮረንቲና በታመቀ አየር ብረት የሚቆርጥ ማሽን፣ የገዛሁ ሰሞን አቧራ እንዳይገባበት ብዬ ጀርባውን በማዳበሪያ ጆንያ ሸፈንኩት። 8 ሚሊሜትር ላሜራ መቁረጥ ጀምሬ ብዙም ሳልገፋ ቢጫዋ መብራት በራች፤ ነበልባሉ ጠፋ። ደንግጬ ማብሪያ ማጥፊያውን ዘጋሁት። መተንፈሻውን ደፍኜ ያሞቅሁት ሳያንስ፣ የሚያቀዘቅዘውን ማራገቢያም አቆምሁበት።

በማሽኑ ውስጥ ዋናውን ሥራ የሚሠሩት ትራንዚስተሮች በአሉሚኒየም ማቀዝቀዣ ላይ ታስረዋል። አጠገባቸው ሙቀት የሚጠብቅ ትንሽ ቴርሞስታት አለ። ሙቀቱ ከልኩ ሲያልፍ መቁረጡን ያስቆማል እንጂ ማራገቢያውን አይነካም። ስለዚህ ጣትዎን ከቶርቹ፣ በእጅ ይዘው ከሚቆርጡበት እጀታ፣ ማስነሻ ያንሱና ማሽኑን እንደበራ ይተዉት። መብራቷ ራሷ ትጠፋለች። እኔ ከጠፋችም በኋላ ጥቂት ደቂቃ እጨምራለሁ፤ ልክ እንደጠፋች የጀመረ ሰው ወዲያው መልሶ ያያታል።

ማሽኑ ቀዝቅዞም አልጠፋ ካለች ግን ነገሩ ሌላ ነው። በብዙ ኢንቨርተር ማሽኖች (ኮረንቲውን በትራንዚስተር በሚለውጡት) ያችው መብራት ከልክ ያለፈ አምፔርንም ታመለክታለች። ማጥፋት የሚገባው ያን ጊዜ ነው፤ ጥቂት ቆይተው ሲያስነሱት ከደገመው ወደ ጠጋኝ ይውሰዱት።

አሁን ጀርባው ላይ የተለጠፈውን ሰሌዳ ያንብቡ። «40 አምፔር፣ 60 በመቶ» ካለ፣ ከ10 ደቂቃ ውስጥ 6ቱን ቆርጦ 4ቱን ያርፋል ማለት ነው። አምፔሩን ወደ 30 ቢያወርዱት ሳያርፍም ይዘልቃል። ልብ ይበሉ፤ ይህ ልክ አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ከባሕር ጠለል በላይ እስከ 1,000 ሜትር ለሆነ ቦታ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ስስ አየር ደግሞ ሙቀት ተሸክሞ የመሄድ አቅሙ ያንሳል። እኔ 6 ደቂቃ ከሚለው ላይ አንዱን ለከፍታው እቀንስለታለሁ።

አመሻሽ ላይ መብራት ሲደክም መቁረጥም አልወድም። ቮልቱ ሲወርድ ማሽኑ ያንኑ ሥራ ለመሥራት ብዙ አምፔር ይስባል። ቀጭን ማራዘሚያ ገመድ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል፤ ወፍራም ገመድ ይያዙ፣ ጥቅሉንም ፈትተው ይዘርጉት። ብሬከሩ ደጋግሞ ከወረደ ገመዱን ሳይቀይሩ ትልቅ ብሬከር ማስገባት ቤት ማቃጠል ነው።

ቶርቹን የሚያቀዘቅዘው የኮምፕሬሰሩ አየር ነው። ማስነሻውን ከለቀቁ በኋላ ለጥቂት ሰከንድ የሚነፍሰውን አየር ለቁጠባ ብለው አይዝጉት፤ የቶርቹ ጫፍ ላይ ያሉት ኖዝሉ (የነበልባሉ መውጫ ቀዳዳ) እና ኤሌክትሮዱ (ነበልባሉ የሚነሳበት ዘንግ) የሚቀዘቅዙት በእሱ ነው።

የብረት ብናኝ ኮረንቲ ያስተላልፋል፤ ስለዚህ ብረት የሚሞርዱበትን ቦታ ከማሽኑ ያርቁ፣ ከግድግዳም ገንጠል አድርገው ያስቀምጡት። ውስጡን በደረቅ አየር ለማጽዳት ሲፈልጉ መጀመሪያ ከሶኬት ይንቀሉት፤ ክዳኑን ለመክፈት ግን አይቸኩሉ። ኮረንቲ የሚያጠራቅሙት ካፓሲተሮች ማሽኑ ከተነቀለም በኋላ ከ300 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። እኔ ነቅዬው ቡና ጠጥቼ እመለሳለሁ።