ስፓይደር ማይትን በማይት ማስበላት፦ ለጎጃም ጓሮና መስኖ

በጋው ሲከር፣ በተለይ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ፣ የፎሶሊያው ወይ የጽጌረዳው ወይ የፓፓያው ቅጠል መርፌ የወጋጋው ይመስል ነጫጭ ነጠብጣብ ካወጣና ቆይቶ ገርጥቶ መድረቅ ከጀመረ፣ መድኃኒት ከመግዛታችሁ በፊት ገልብጣችሁ እዩት። ከስሩ ቀጭን ድርና የሚንቀሳቀስ ብናኝ ነገር ካለ ስፓይደር ማይት ነው፣ ቀይ ሸረሪት የሚለውም አለ። የሸረሪት ዘመድ ነው፣ 8 እግር አለው፣ ትልቁ ራሱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ለዚህ ነው ለትል ተብሎ የተገዛውን ስትረጩበት ምንም የማይመስለው።

እንደውም ይብስበታል። ፓይረትሮይድ የሚባሉትና እንደ ማላታይን ያሉት የተባይ መድኃኒቶች ስፓይደሩን በቅጡ ሳይነኩት ስፓይደሩን የሚበሉትን ሌሎች ማይቶች ይፈጁለታል፣ እሱ ደግሞ ከቅጠል ስር ድሩ ውስጥ ተሸሽጎ ይተርፍና ጠላት በሌለበት እንደልቡ ይራባል። እኔ በበኩሌ እዚህ አካባቢ "ስፓይደር አስቸገረን" ከሚባለው አብዛኛው በርጭት የመጣ ነው ባይ ነኝ።

በላተኛው ማይት እንግዲህ ብዙ ዓይነት አለው፣ ታዋቂው ፋይቶሴዩለስ ፐርሲሚሊስ ነው። አውሮፓ የታወቀው በ1958 (በፈረንጅ) ከቺሊ በመጣ ኦርኪድ ላይ ተገኝቶ ነው፣ አሁን በፋብሪካ ደረጃ እየተራባ ይሸጣል፣ እኛም አገር የአበባ እርሻዎች ሲጠቀሙበት ዓመታት ሆኗቸዋል። ለአንዲት ጎረቤቴ ይሄን ሳስረዳቸው "ኧረ ወዲያ! በገንዘቤ ተባይ ልገዛ?" ብለው ሳቁብኝ። ግን ይሄኛው ተክል አይበላም፣ ሰውም አይነክስም፣ ለቀፏችሁ ንብም አያሰጋም። ምግቡ ስፓይደር ብቻ ነው፣ አንዱ በቀን 5 ያህል ትልልቅ ወይም 20 ያህል እንቁላልና ጫጩት ይጨርሳል፣ ስፓይደሩ ሲያልቅ በረሃብ ያልቃል ወይ ጥሎ ይሄዳል።

ሁለቱን መለየት መቻል አለባችሁ፣ ዋናው ሙያ እሱ ነው። ቅጠሉን ነጭ ወረቀት ላይ መታ መታ አድርጉና በማጉያ መነጽር ወይም በስልክ ካሜራ ዙም አድርጋችሁ እዩ። ስፓይደሩ ገርጣ ያለ ቢጫ አረንጓዴ ሆኖ ጎንና ጎኑ ላይ ሁለት ጥቁር ነጥብ አለው፣ እንደሰከረ ሰው ቀስ እያለ ነው የሚሄደው። በላተኛው ብርቱካናማ ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ከኋላው ሰፋ ከፊቱ ሾል ያለ፣ እግሩ ረዘም ያለ ነው፣ ወረቀቱ ላይ ሲሮጥ ታዩታላችሁ አንድ ቦታ አይቆምም። እንቁላሉም ይለያል፣ የስፓይደሩ ድቡልቡል ነው የበላተኛው ሞላላና በእጥፍ የሚተልቅ።

በላተኞቹን ከመልቀቃችሁ በፊት ርጭት አቁሙ። ፓይረትሮይድ ከረጫችሁ ቅሪቱ 2 ወርና ከዚያም በላይ ይገድላቸዋል፣ አባሜክቲን የሚባለው የማይት መድኃኒት ከሆነ 2 ሳምንት ገደማ ጠብቁ፣ ጽጌረዳ ላይ ለአመዳይ በሽታ የሚነፋው ድኝም ይጎዳቸዋል። ስፓይደሩ በጣም ከበዛ የባሰበትን ቅጠል ቆርጣችሁ አቃጥሉና የቀረውን በሳሙና ውሃ ከስር በኩል አጥቡት፣ ሳሙናው ሲደርቅ ቅሪት ስለማይተው በማግስቱ መልቀቅ ትችላላችሁ። ባሕር ዳር ዙሪያ ያላችሁ ደግሞ የጎረቤትን ጫት እዩ፣ ጫት ላይ የሚረጨው በነፋስ ይመጣና ልፋታችሁን ከንቱ ያስቀረዋል፣ ስለዚህ መቼ እንደሚረጩ ጠይቁና ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ያለው መስመር ላይ በላተኛ አትልቀቁ።

ማግኛው ሁለት መንገድ ነው። አንዱ መግዛት ነው፣ ለአበባ እርሻ የሚያቀርቡ አስመጪዎች በኩል ይገኛል ግን ለአንድ ጓሮ ብላችሁ ብታዙ አያዋጣም፣ ቆጋ መስኖ ላይ እንዳሉት አርሶ አደሮች ተሰባስባችሁ በዲኤው (በቀበሌው የግብርና ልማት ሠራተኛ) ወይ በማኅበር በኩል ብትጠይቁ ይሻላል። ከውጭ ሻንጣ ውስጥ ከትቶ ማምጣት ግን አይሆንም፣ ሕይወት ያለው ነገር ያለ ፈቃድ አይገባም።

ሁለተኛው እዚሁ ያለውን መጠቀም ነው፣ እኔ ይሄን እመርጣለሁ። መድኃኒት ያልነካው ጉሎ፣ ፓፓያ ወይም የጓሮ ፎሶሊያ ፈልጉ፣ ስፓይደር ኖሮበት ግን ተክሉ ያልሞተበትን። እዚያ ቅጠል ስር ፈጣን ሯጭ ማይት አታጡም፣ ቀለሙ ቀይ ላይሆን ይችላል፣ ሩጫውን ነው የምታዩት። ቅጠሉን ቆርጣችሁ የታመመው ተክል ላይ ቅጠል ለቅጠል አነካክታችሁ ተዉት፣ ሲደርቅ እነሱ ራሳቸው ይሻገራሉ። ነጭ ዝንብ ወይ ክሽክሽ ያለበትን ቅጠል ግን አታምጡ። ማራባት የፈለገ ሰው ፎሶሊያ በሁለት ቦታ ይትከል፣ አንዱ ላይ ስፓይደር ብቻ፣ ሌላው ላይ ስፓይደርና በላተኛ፣ መሃላቸው ራቅ ይበል፣ ካልራቀ በላተኛው ሁሉንም ይጨርስና ቀለብ ታጣላችሁ።

የተገዛው በጠርሙስ ነው የሚመጣው፣ ቨርሚኩላይት ከሚባል ቀላል የማዕድን ፍርፋሪ ወይ ከእንጨት ብናኝ ጋር ተቀላቅሎ። በደረሰ ቀን ልቀቁት፣ የግድ ከሆነ ከ8 እስከ 10 ዲግሪ ጨለማ ቦታ አንድ ሁለት ቀን፣ ፍሪዘር ውስጥ ከገባ ግን አለቀለት። ማይቶቹ ወደ ክዳኑ ስለሚወጡ ጠርሙሱን አጋድማችሁ ቀስ ብላችሁ አሽከርክሩና ቅጠሉ ላይ ነስነስ አድርጉ፣ ጠዋት ወይ አመሻሽ ላይ፣ ተክሉ ውሃ ከጠጣ በኋላ። መጠኑ ጥቂት ስፓይደር ካለ በካሬ ሜትር 6 ገደማ፣ የባሰበት ቦታ ላይ 20ና ከዚያ በላይ። እኩል ልበትን ብላችሁ አትጨነቁ፣ ድር ያለበት ላይ አብዙ።

አየሩ ወሳኝ ነው። ፐርሲሚሊስ ከ20 እስከ 27 ዲግሪና ከ60 በመቶ በላይ እርጥበት ይወዳል፣ 20 ዲግሪ ላይ ከእንቁላል እስከ አዋቂ 9 ቀን ገደማ ሲፈጅበት ስፓይደሩ 17 ገደማ ይፈጅበታል፣ ስለዚህ በቁጥር ይቀድመዋል። የጎጃም ወይናደጋ ለዚህ የተሰራ ነው ማለት ይቻላል። ወደ ዓባይ በረሃ ወረድ ስትሉ ግን ሙቀቱ 30 ካለፈና አየሩ ከደረቀ ይደክማል፣ እዚያ ካሊፎርኒከስ የሚባለው ሌላ በላተኛ ማይት ይሻላል፣ ሙቀትም ይችላል ስፓይደር ሲጠፋም የአበባ ዱቄት እየበላ ይቆያል። መንገድ ዳር ያለ ተክል አቧራውን በውሃ አጥቡለት፣ አቧራ ለስፓይደሩ ነው የሚመቸው።

ከዚያ ትእግስት ነው፣ 2 እና 3 ሳምንት። በየሳምንቱ ያንኑ ቅጠል ገልብጡ፣ የድሮው ቅጠል ቀለሙ አይመለስም፣ አዲስ የሚወጣው ንጹሕ ከሆነ ሰርቷል ማለት ነው።

ቲማቲም ላይ ብዙ አትጠብቁ፣ የግንዱ ፀጉር እያጣበቀ ያስቸግራቸዋል፣ ቱታ ለሚባለው የቲማቲም ቅጠል ሰርሳሪ ትል ደግሞ ጭራሽ አይሆንም። ቃሪያና በርበሬ ላይ ትሪፕስ (ቅጠልና አበባ የሚመጥ ጥቃቅን ነፍሳት) እና ነጭ ዝንብ ከሆነ ችግሩ ሌላ ማይት አለ፣ ስዊርስኪ፣ የበርበሬ አበባ ዱቄት ስለሚበላ ተባዩ ሳይመጣ አስቀድሞ መልቀቅ ይቻላል፣ ለቡሬና ለፍኖተ ሰላም በርበሬ ቢሞከር ደስ ይለኛል።

ክረምት ሲገባ ዝናቡ ስፓይደሩን ራሱ ያጥበዋል፣ በላተኞቹም አብረው ይመናመናሉ። ለመጪው በጋ ዘር እንዲተርፋችሁ ከጣሪያ ክፈፍ ስር ዝናብ የማይመታው ቦታ ላይ ጥቂት እግር ፎሶሊያ አቆዩ፣ ትንሽ ስፓይደር ቢኖርበትም አትንኩት።