በግራም የተጻፈን ሩዝ በኩባያ እንዴት እንሰፍራለን?

ሩዝ ከሱቅ የሚገዛው በኪሎ ተመዝኖ ሲሆን፣ ድስት ውስጥ የሚገባው ግን በአብዛኛው ቤት በኩባያ ወይም በብርጭቆ ተሰፍሮ ነው። በመሆኑም «500 ግራም ሩዝ» የሚል የምግብ አሠራር ያገኘና ሚዛን የሌለው ሰው በግምት ለመሥራት ይገደዳል። ከግምት የሚያድነው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፦ ያልበሰለ ደረቅ ነጭ ሩዝ በአንድ ሚሊ ሊትር 0.8 ግራም ያህል ይመዝናል። ስለዚህ 1 ኪሎ ሩዝ 1.25 ሊትር ገደማ ይይዛል ማለት ነው።

በመጀመሪያ የኩባያዎን ልክ ይወቁ። «አንድ ኩባያ» በአሜሪካ የምግብ አሠራሮች 240 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ በአውስትራሊያ 250 ሚሊ ሊትር ሲሆን፣ ከኤሌክትሪክ ሩዝ ማብሰያ ጋር የሚመጣው ትንሽ ኩባያ ደግሞ የጃፓንን የሩዝ መስፈሪያ የተከተለ በመሆኑ አብዛኛውን ጊዜ 180 ሚሊ ሊትር ነው። የራስዎን ለመለካት የግማሽ ሊትር የታሸገ ውሃ ይበቃል፤ ውሃውን በኩባያው እየሞሉ ይቁጠሩ። ልክ ሁለት ጊዜ ከሞላ ኩባያው 250 ሚሊ ሊትር፣ ሁለት ተኩል ከሆነ 200 ሚሊ ሊትር ይይዛል።

ቀጥሎ ሩዙን ሳያጥቡና ሳይዘፈዝፉ ይስፈሩ፤ የራሰ ሩዝ ውሃ ስለሚጠጣ ልኩ ይዛባል። ኩባያውን ሳይነቀንቁና ሳይጠቀጥቁ ጢም አድርገው ከሞሉ በኋላ ከአፉ በላይ የተቆለለውን በቢላ ጀርባ ጠርገው ያስተካክሉ። ገበያ ላይ በጣሳ የሚሰፍር ነጋዴ ቆልሎ ቢመርቅ ይመሰገናል፤ እዚህ ግን ምርቃቱ ስሌቱን ያበላሻል።

ከዚያ ማስላት ነው። ግራሙን ለ0.8 ሲያካፍሉ ሚሊ ሊትሩን፣ እሱን ደግሞ ለኩባያዎ ልክ ሲያካፍሉ የኩባያውን ብዛት ያገኛሉ። 500 ግራም ሩዝ 625 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ በ250 ሚሊ ሊትር ኩባያ ሁለት ተኩል ነው። ከኩባያ ወደ ግራም ለመመለስ ሚሊ ሊትሩን በ0.8 ያባዙ፤ ባለ 250ው ኩባያ 200 ግራም፣ ባለ 240ው 190 ግራም ገደማ ሩዝ ይይዛል።

የሩዙ ዓይነት ይህን ቁጥር በጥቂቱ ከፍና ዝቅ ያደርገዋል። ልቅም ያለ ውጤት ለሚፈልግ ሰው ከሁሉ የምመርጠው ዘዴ የ1 ኪሎ እሽግ ሲከፍቱ ሙሉውን ወደ ዕቃ እየሰፈሩ መገልበጥ ነው። አምስት ኩባያ ከሩብ ከወጣው፣ 1000ን ለ5.25 ሲያካፍሉ አንዱ ኩባያ 190 ግራም መሆኑን ያገኛሉ። ቁጥሩን የሩዙ ማስቀመጫ ክዳን ላይ ይጻፉት፤ ሌላ ዓይነት ሩዝ እስኪገዙ ድረስ ሌላ ስሌት አያስፈልግዎትም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ውሃው ላይ ነው፤ እኔም ተሳስቻለሁ። «አንድ ለሁለት» የሚባለው ልክ በኩባያ የሚሰፈር እንጂ በሚዛን የሚመዘን አይደለም። ሚዛን የገዛሁ ሰሞን 500 ግራም ሩዝ መዝኜ በእጥፉ 1000 ግራም ውሃ ጨመርኩበት፤ ውሃው አልቆ ከሥር መያዝ ሲጀምር የሩዙ መሀል ገና ጥሬ ነበር። ሩዙ 625 ሚሊ ሊትር ስለሚሆን እጥፉ 1250 ሚሊ ሊትር ነው፤ የጎደለው አንድ ሙሉ ኩባያ ውሃ ነበር። ሩዙን በሚዛን የሚመዝኑ ከሆነ ለአንድ ለሁለቱ ልክ የግራሙን ሁለት እጥፍ ተኩል፣ ለአንድ ለአንድ ተኩሉ ደግሞ ሁለት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ውሃ ያድርጉ።

የምግብ አሠራሩ «የበሰለ ሩዝ» ካለ ደግሞ፣ አንድ ኩባያ ጥሬ ሩዝ ሲበስል ሦስት ኩባያ ያህል ስለሚሆን የተጠየቀውን ለሦስት አካፍለው ይስፈሩ።