የጥንት ግዛት ጨዋታን በወጉ መዝጋት፦ ከመጨረሻው ዙር እስከ ሽልማቱ

እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ጥንታዊ ግዛት እየመራ ለወራት የሚካሄድ የግዛት ግንባታ ጨዋታ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው መጨረሻው ላይ ነው። አጫዋቹ (ጨዋታውን የሚመራው ሰው) ይደክመዋል፣ የተሸነፉት ከግሩፑ ይወጣሉ፣ የቀሩት ሁለት ሦስት ጠንካሮች በነጥብ ይጨቃጨቃሉ፣ ከዚያ ዝም ይባላል። ከታች ያለው አሠራር ጅማ ውስጥ ከ8 እስከ 14 ሰው ሆኖ፣ ትዕዛዝ በቴሌግራም ለአጫዋቹ እየተላከ፣ በሳምንት አንድ ዙር ለሚካሄድ ጨዋታ የሚሆን ነው። ካርታው የ1ኛው ወይም የ2ኛው ክፍለ ዘመን ከሆነ ሮም፣ የፋርሷ ፓርቲያ፣ አክሱም፣ የሱዳኗ ሜሮዌ፣ የየመኗ ሂምያር፣ የሰሜን ህንዷ ኩሻንና የቻይናው ሃን አብረው ስለሚገኙበት ከታች ያሉትን ቁጥሮች እንዳሉ መውሰድ ይቻላል።

የመጨረሻው ዙር

"ጨዋታው በ20ኛው ዙር ያበቃል" ብሎ ቀድሞ መናገር ቅንነት ይመስላል፤ ጨዋታውን የሚገድለው ግን እሱ ነው። በ20ኛው ዙር የሚበቀል ስለሌለ ሁሉም ውሉን ያፈርሳል። ይህን ያወቀ በ19ኛው ይከዳል፣ እሱን የጠረጠረ በ18ኛው። ድንበር መጠበቅም ትርጉም ያጣል፤ ሁሉም ከተማውን ባዶ ጥሎ ጦሩን ወደ ፊት ይወረውራል፣ አራት ወር የተገነባው ዲፕሎማሲ በአንድ ምሽት ያልቃል።

መፍትሔው መጨረሻውን ለሉዶ ዳይስ መስጠት ነው። ከ18ኛው ዙር ጀምሮ የዙሩ ውጤት እንደተለጠፈ ዳይሱ ይጣላል፤ 5 ወይም 6 ከወጣ ያ ዙር የመጨረሻ ነበር ማለት ነው። ካልወጣ አንድ ዙር ይቀጥላል። 22ኛው ግን ያለ ዳይስ መዝጊያ ይሁን፤ እስከዚያ የመድረስ ዕድሉ ከአምስት አንድ ገደማ ነው። አወጣጡ በቪዲዮ ተቀርጾ ግሩፑ ላይ ይለቀቅ። ማንም ቀድሞ ማወቅ ስለማይችል ነገም ጎረቤቱን እንደሚያስፈልገው አስቦ ይጫወታል። ይህ ደንብ መነገር ያለበት ቢዘገይ በ12ኛው ዙር ነው። በ17ኛው ብታመጡት መሪው "ድሌን ልታዘገዩብኝ ነው" ይላል፤ እውነቱንም ነው።

ሦስት ነገሮችን ደግሞ በጽሑፍ ቁረጡ። አንደኛ፣ ነጥብ የሚያስገኘው ተሠርቶ ያለቀ ሕንፃ ብቻ ነው፤ በግማሽ የቆመ ሐውልት ዜሮ ነው። ሁለተኛ፣ የመጨረሻው ዙር ግብር ይሰበሰባል ወይስ አይሰበሰብም? እንዲሰበሰብ ይሻላል፤ በየዙሩ ቅደም ተከተሉ ጉዞ፣ ውጊያ፣ ግብር፣ ግንባታ ከሆነ መጨረሻውም ያው ይሁን። ሦስተኛ፣ በመጨረሻው ዙር የተያዘ ክፍለ ሀገር ግማሽ ነጥብ ብቻ ያስገኛል። ይህች ትንሽ ደንብ ዳይሱ ያልገታውን ሩጫ ታበርዳለች።

የመዝጊያ ሰዓቱን ስትጽፉ "እሑድ ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ በስልክ 21:00" በሉ። በኢትዮጵያ ሰዓት ብቻ ከተጻፈ ስልኩን በውጭ አቆጣጠር የሚያነብ ይሳሳታል፤ ክርክሩም ማለቂያ የለውም። መብራት ወይም ኔትወርክ ሲጠፋ በአጭር የስልክ መልእክት የተላከ ትዕዛዝ ይቀበሉ። ቴሌግራም ላይ የተላከ መልእክት ማረምም ማጥፋትም ስለሚቻል፣ አጫዋቹ ሰዓቱ እንደደረሰ የሁሉንም ትዕዛዝ ፎርዋርድ አድርጎ ለራሱ ያስቀምጥ። ፎርዋርድ የተደረገው ቅጂ ዋናው ቢታረምም ቢጠፋም አይነካም።

ቆጠራው

ዳይሱ መዝጊያውን ባሳወቀ በዚያው ሰዓት የኤክሴል ሰንጠረዡ ቅጂ ይወሰድና ማንም እንዳይነካው ይቆለፍ። ቆጣሪዎቹ ሦስት ይሁኑ፦ አጫዋቹ፣ ጨዋታውን የማይጫወት አንድ ሰውና ቀድሞ ከጨዋታው የወጣ አንድ ተጫዋች። የወደቀን ንጉሥ ለቆጣሪነት የሚስተካከለው የለም። ደንቡን ያውቃል፣ የሚያደላበት ግዛት የለውም፣ ሥራ ሲሰጠው ደግሞ ከግሩፑ አይጠፋም። (የአሸናፊው አጋር የነበረ ከሆነ ሌላ ፈልጉ።)

ለነጥቡ ይህ ይበቃል፦ ለአንድ ክፍለ ሀገር 3፣ ለአንድ ከተማ 5፣ ለአንድ ትልቅ ሐውልት 8፣ ለእያንዳንዱ 200 ወርቅ 1፤ የወርቁ ነጥብ ግን ከ10 አይበልጥም። የወርቁን ጣሪያ ካነሳችሁት የመጨረሻዎቹን አምስት ዙሮች ሁሉም ግምጃ ቤቱን ቆልፎ ይቀመጣል።

ድምሩ ብቻውን ፍትሕ አይሆንም፤ ሮምን ይዞ የጀመረና ሜሮዌን ይዞ የጀመረ እኩል አልተነሱም። ስለዚህ ሁለት ውጤት አውጡ፦ አንዱ ድምሩ፣ ሌላው ድምሩ ለመነሻው ተካፍሎ። ሮም በ12 ክፍለ ሀገር፣ በ3 ከተማና በ200 ወርቅ ጀመረ እንበል፤ መነሻው 36፣ 15ና 1፣ ማለትም 52 ነው። ሲያበቃ 17 ክፍለ ሀገር፣ 5 ከተማ፣ 1 ሐውልትና 2,600 ወርቅ አለው፦ 51፣ 25፣ 8፣ ወርቁ 13 መሆን ሲገባው በጣሪያው 10፤ ድምሩ 94። ለ52 ሲካፈል 1.81 ይሆናል። ሜሮዌ በ4 ክፍለ ሀገር፣ በ2 ከተማና በ200 ወርቅ፣ በ23 ነጥብ ተነሥቶ 8 ክፍለ ሀገር፣ 3 ከተማ፣ 2 ሐውልትና 900 ወርቅ ይዞ ከጨረሰ 59 ነው፤ እድገቱ 2.57። ድምሩን ሮም፣ እድገቱን ሜሮዌ አሸነፈ። ሁለቱም እኩል ክብር ይገባቸዋል፤ እኛን ብትጠይቁን ከባዱ ሁለተኛው ነው።

የገባር ጉዳይ ብዙ ጨዋታ ያጣላል። ለኃያል ጎረቤት ግብር እየከፈለ ራሱን ያቆየ ግዛት ነጥቡ የማን ነው? ሁሉንም ለበላዩ መስጠት ስህተት ነው፤ መገበር ከመጥፋት የማይሻል ከሆነ ማንም አይገብርም፣ ከጨዋታውም አንድ ሙሉ መንገድ ይጠፋል። የጅማ ልጅ ይህን ለመረዳት ሩቅ አይሄድም። ዳግማዊ አባ ጅፋር ለምኒልክ ገብረው፣ ግብራቸውን እየከፈሉ፣ እስከ ሕልፈታቸው እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ድረስ የጅማን የውስጥ አስተዳደር በእጃቸው አቆይተዋል። ስለዚህ ገባሩ የራሱን ነጥብ ሙሉ ይያዝ፣ የበላዩ ደግሞ ከገባሩ ክፍለ ሀገር በእያንዳንዱ 1 ተጨማሪ ነጥብ ያግኝ።

ጊዜያዊ ውጤቱ ሲለጠፍ አቤቱታ ለ48 ሰዓት ክፍት ይሁን። የሚታየው የሒሳብ ስህተት ብቻ ነው፣ ያውም የመጨረሻዎቹ ሦስት ዙሮች። "በ6ኛው ዙር የተፈረደብኝ ውጊያ" የሚለው አይከፈትም፤ አንዱን ከከፈታችሁ ከዚያ በኋላ ያለው ዙር ሁሉ ይናዳል። አቤቱታው በግል ለቆጣሪዎቹ ይምጣ፣ መልሱ ግን ለሁሉም ይነበብ።

ሽልማቶቹ

ለ12 ተጫዋች ስድስት ወይም ሰባት ሽልማት ልኩ ነው። ለሁሉም ሰው አንዳንድ ከተሰጠ ማንም የእኔ ነው ብሎ አይኮራበትም፤ ሦስት ብቻ ከሆነ ደግሞ ሦስቱም ለጠንካሮቹ ይሄዳሉ። ሁለቱ ከላይ ባለው ቆጠራ ይወሰኑ፣ የቀሩት በድምፅ። ስማቸውን ከጥንት ታሪክ ብትወስዱ ያምራል፦

የአዱሊስ ወደብ፦ ለዋናው ነጋዴ። አዱሊስ የዝሆን ጥርስ፣ የአውራሪስ ቀንድና የኤሊ ቅርፊት ወደ ቀይ ባሕር የሚወጣባት የአክሱም በር ነበረች።
የኢዛና ድንጋይ፦ የግዛቱን ታሪክ በየዙሩ አሳምሮ ለጻፈ። ኢዛና ድሉን በግዕዝ፣ በሳባ ፊደልና በግሪክ አስቀርጿል።
የካሌብ መርከብ፦ ለደፋሩ ዘመቻ፤ ቢከሽፍም ይሸለማል። ስሙ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ባሕር ተሻግሮ ሂምያር ለዘመተው ንጉሥ ነው።
የፒሩስ ድል፦ ከሽንፈት የባሰ ድል ለተቀዳጀ። በግሪክ የነበረችው የኤጲሮስ ንጉሥ ፒሩስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ280 እና በ279 ሮማውያንን ሲያሸንፍ የራሱን ጦር አስጨርሷል። ይህ የሳቅ ሽልማት ስለሆነ ባለቤቱ መሳቅ የሚችል ሰው መሆኑን ቀድማችሁ አረጋግጡ።
አደራ፦ ሌላ ሰው ጥሎት የሄደውን ግዛት መሐል ላይ ተረክቦ እስከ መጨረሻው ላደረሰ።

አደራን ፈጽሞ አትተዉት። ተተኪዎች ባይኖሩ ኖሮ ባዶ የቀረውን ግዛት ጎረቤቱ በነጻ ይውጠው ነበር፣ ሚዛኑም ይበላሽ ነበር። እነሱ ደግሞ ነጥብ ላይ ከፍ ብለው አይታዩም። "ምርጥ ከሃዲ" የሚል ሽልማት ግን ይቅርባችሁ። በጨዋታው የተከዳ ሰው እዚያው ተቀምጦ እያለ ከሃዲው ሲጨበጨብለት ነገሩ ከጨዋታ ይወጣል።

ድምፅ ሲሰጥ እያንዳንዱ ተጫዋች ለአንድ ሽልማት ሦስት ሰው ይመርጣል፦ 3፣ 2፣ 1 ነጥብ። ራስን መምረጥ የለም። ሲያበቃ አጋሩ ለነበረም 3 መስጠት አይቻልም፤ ይህ ካልተከለከለ አራት ሰው ያለው ቡድን ሁሉንም ሽልማት ይጠቀልላል። የወደቁትም ድምፅ አላቸው፣ አጫዋቹ ግን የለውም። እኩል ከወጡ 3 ነጥብ ብዙ ጊዜ ያገኘ ይቅደም፤ አሁንም እኩል ከሆኑ ይካፈሉ።

የቴሌግራምን ፖል ለዚህ አትጠቀሙ። ድምፅ የሰጠ ሰው ውጤቱን ወዲያው ስለሚያይ የኋለኛው የፊተኛውን ይከተላል፤ ፖሉ ወደ ሌላ ግሩፕ ፎርዋርድ ከተደረገም ያልተጫወተ ሰው ይመርጣል። ድምፁ በግል ለወደቀው ቆጣሪ ይላክ፣ አራት ቀን ይበቃል። ለእያንዳንዱ 3 ነጥብ አንድ ዐረፍተ ነገር ምክንያት ጠይቁ፤ "በ11ኛው ዙር ወደቡን ሳይዋጋ አስከፈተ" ዓይነት። ሽልማቱ ሲሰጥ የሚነበበው እሱ ነው።

ቀኑና ቦታው

ከመዝጊያው እስከ ሽልማቱ ከሁለት ሳምንት አይበልጥ፤ ከዚያ ካለፈ ሰው ይበታተናል። ችግሩ ለሽልማት ጥሩ የሚሆነው ትንሿ የጅማ ባለ ሦስት እግር ዱካ ተጠርባ እስክትደርስ ከዚያ በላይ ልትፈጅ መቻሏ ነው። ስለዚህ በ17ኛው ዙር አካባቢ የሽልማቱን ስም ብቻ አስቀርጻችሁ እዘዙ፣ የአሸናፊው ስም በመጨረሻው ቀን በጋለ ብረት ይጻፍ። እንጨቱ ዋንዛ ቢሆን ይመረጣል፣ ደረቅ መሆኑን ግን ጠይቁ፤ እርጥብ እንጨት ቤት ገብቶ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ፊደሉም አብሮ። ስሙን ለጠራቢው በቃል አትናገሩ፣ በወረቀት በጉልህ ጽፋችሁ ስጡ፤ ሐይለ ወይስ ኃይለ፣ ፀጋ ወይስ ጸጋ የሚለውን ባለቤቱ ራሱ ይወስን። ገንዘብ ካጠረ ግማሽ ኪሎ የተቆላ ቡናና የታተመ ካርታ ከበቂ በላይ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ጥሩ ነው። ዓርብ ጁምዓ አለ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን፤ ሐሙስ ደግሞ የሂርማታ ገበያ ነው፣ መንገዱ ይጨናነቃል። ክረምት ከሆነ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አያስወጣም። ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ካሉ የፈተናውን ሳምንት ተጠንቀቁ። ረመዳን ላይ ከዋለ ከፊጥር በኋላ አድርጉት። ሥጋ አታቅርቡ፤ የማን እርድ ነው የሚለው ጥያቄ ሳይነሳ ሁሉም እኩል የሚበላው ዳቦ፣ ቆሎና ቡና አለ። ለ15 ሰው ግማሽ ኪሎ ጥሬ ቡና ሦስቱንም ስኒ ያደርሳል። ጊዜ ካላችሁ ከከተማው ወጣ ብሎ ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ቀድማችሁ ጎብኙ፤ ስለ ገባርነት የቀረ ክርክር ካለ እዚያ ይለይለት።

ውጤቱን በወረቀት ሦስት ቅጂ ያዙ፣ መብራት ቢጠፋ አትቆሙም። ድምሩና እድገቱ ቀድሞ ስለታወቀ የእነሱን ሽልማት መጀመሪያ ስጡ፤ ሰው የሚጠብቀው በድምፅ የተወሰኑትን ነው። ፒሩስን መሐል ላይ አድርጉት፣ አደራን መጨረሻ። ተሸላሚው ከሁለት ደቂቃ በላይ አይናገር። አዲስ አበባ ወይም ውጭ ላለ ተጫዋች ስሙ በተጠራበት ቅጽበት ግሩፑ ላይ ይለጠፍለት። ፎቶ ላይ እውነተኛ ስም ከመጻፋችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ፤ አንዳንዱ ቤተሰቡ ለአምስት ወር የፓርቲያ ንጉሥ እንደነበር እንዲያውቅ አይፈልግም።

ምስጢሩን መግለጥ

ከሽልማቱ በኋላ ሁሉም የሚፈልገው አንድ ነገር አለ፦ ማን ከማን ጋር በስውር ተዋውሎ ነበር? የስውር ውሎቹንና ትዕዛዞቹን በዙር ቅደም ተከተል በአንድ ፋይል ልቀቁ። የግል ቻት ግን አይውጣ፤ ሰው በንዴት ስለ ሌላው የጻፈው ቃል ውል አይደለም። ከመለቀቁ ሦስት ቀን በፊት እያንዳንዱ የራሱን ክፍል አይቶ ማስወጣት የሚፈልገውን ይናገር። ለእያንዳንዱ ተጫዋችም፣ ለወደቀውም ጭምር፣ ግዛቱ በቀጣዩ 100 ዓመት ምን እንደሆነ በ150 ቃል የሚጽፍበት አንድ ሳምንት ስጡ። ያልጻፈውን አጫዋቹ በሁለት መስመር ይሙላለት።

ፋይሉ ከወጣ በኋላ አንድ ወር ግሩፑ ክፍት ይቆይ፣ ከዚያ መጻፍ ይዘጋና ለንባብ ብቻ ይሁን። ደንቡ ላይ የተገኙት ቀዳዳዎች ሳይረሱ በአንድ ገጽ ተጽፈው፣ ከባዶው ሰንጠረዥ ጋር፣ ቀጣዩን ጨዋታ ለሚያጫውተው ይሰጡ። ያ ሰው የዚህኛው አሸናፊ ባይሆን ይመረጣል፤ አሸናፊው በሚቀጥለው ጨዋታ የሚፈለገው ካርታው ላይ ነው።