ኤችኤምኤስ ቤልፋስትን ፎቶ ሲያነሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለንደን ውስጥ፣ በቴምዝ ወንዝ ላይ በለንደን ብሪጅና በታወር ብሪጅ መካከል የታሰረችው የጦር መርከብ ቤልፋስት እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ ለጎብኚ ክፍት ናት። 187 ሜትር ትረዝማለች። ፎቶዋን የሚያበላሸው ግን ከግዝፈቷ ይልቅ የቆሙበት ቦታና ሰዓት ነው።

በእኩለ ቀን ከሰሜኑ ዳርቻ ማንሳት። ሙሉ ጎኗ የሚታየው ከለንደን ግንብ በኩል ስለሆነ ሰው ሁሉ እዚያ ይቆማል። ካሜራው የሚያየው ወደ ደቡብ ነው፤ ፀሐይም ያለችው በዚያው በኩል ነው። ሰማዩ ነጭ፣ መርከቧ ጥቁር ጥላ ሆና ትወጣለች፤ ጎኗ ላይ ያለው ጠላትን ለማደናገር የተቀባ የጦርነት ጊዜ ቀለም ድራሹ ይጠፋል። በሰኔና በሐምሌ ፀሐይ ከሰሜን ምሥራቅ ወጥታ በሰሜን ምዕራብ ስለምትጠልቅ ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ ይሂዱ። በታኅሣሥና በጥር ወደዚያ ጎን ጨርሶ ስለማትዞር ደመናማ ቀን ይሻላል፤ ያኔም በካሜራው የብርሃን ማስተካከያ (የ+/− ምልክት ያለው) ብርሃኑን ከ+0.7 እስከ +1 ከፍ ያድርጉት፣ አለዚያ ካሜራው በሰማዩ ተታሎ መርከቧን ያጨልማታል።

የውሃውን ከፍታ አለማየት። ባሕሩ ሲሞላና ሲጎድል የወንዙ ከፍታ ከ6 ሜትር በላይ ሊለያይ ይችላል፤ መርከቧም አብራ ትወጣለች፣ ትወርዳለች። ከደቡቡ መንገድ ላይ ሆነው መድፎቹንና የላይኛውን ወለል ማየት ከፈለጉ ውሃው ሲጎድል ይምጡ።

ፎቶውን በመርከቧ ጠርዝ ማስተካከል። ጠርዙ ወደ አፍንጫዋ ሲቃረብ ወደ ላይ ይቀናል፤ በእሱ ካስተካከሉ ወንዙ ያዘነብላል። ከኋላ ባሉት ሕንፃዎች ቀጥ ያለ መስመር ያስተካክሉ።

ውስጥ ገብቶ ፍላሽ ማብራት። ግድግዳው፣ ቧንቧው፣ በሩ ሁሉ የሚያብለጨልጭ ቀለም የተቀባ ብረት ነው፤ ፍላሹ መሃል ላይ ነጭ ነጠብጣብ ጥሎ ዙሪያውን ያጨልመዋል። ፍላሹን አጥፍተው አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት የሚወስነው ቁጥር) 1600 ወይም 3200፣ ብርሃን የሚያስገባውን የሌንስ ቀዳዳ ኤፍ 2.8 ወይም 4 ያድርጉ። የሹተር ፍጥነቱ (ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ ይሁን። በእንግሊዝ ኤሌክትሪኩ 50 ኸርዝ ስለሆነ አንዳንድ መብራቶች በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ፤ በድምፅ አልባ (ኤሌክትሮኒክ) ሹተር 1/250 ካነሱ ፎቶው ላይ አግድም ጥቁር መስመሮች ሊያዩ ይችላሉ።

ባለሦስት እግር ማቆሚያ መሸከም። መተላለፊያው ጠባብ ነው፤ የብረቱ ወለልም ሰው በተራመደ ቁጥር ይንቀጠቀጣል። ትከሻዎን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ትንፋሽዎን ይዘው ቢያነሱ ይበልጣል። ወደ ሞተር ክፍሉ የሚወስዱት መሰላሎች ሁለት እጅ ይፈልጋሉ፤ ካሜራውን አንገትዎ ላይ ሳይሆን በደረትዎ አሻግረው ይያዙት፣ ከ16 እስከ 35 ሚሊ ሜትር ካለው ሰፊ ቦታ የሚያሳይ ሌንስ ሌላ አይዙ። በስልክ የሚያነሱ ከሆነ 0.5 የሚለውን እጅግ ሰፊ ቦታ የሚያሳይ ሌንስ ጨለማ ክፍል ውስጥ አይጠቀሙበት፤ ጥርት ያለ ፎቶ አይወጣለትም።