የግጦሽ መሬት በዓመት ስንት ኃይል ያመርታል? በማጭድና በሚዛን የመለካት ዘዴ

ሥርዓተ ምህዳርን አምራች፣ ተመጋቢና አብስባሽ ብሎ መደርደር ቀላል ነው። ሥራው ያለው ከአንዱ ወደ ሌላው ስንት ኃይል እንደሚያልፍ በቁጥር ማስቀመጡ ላይ ነው። ለጀማሪ የደጋ ግጦሽ ይመቻል፤ ሳሩ አጭር ነው፣ በላተኛው ይታወቃል፣ እድገቱም በአብዛኛው ክረምት ላይ ያልቃል።

የሚያስፈልገው ማጭድ፣ የወረቀት ከረጢት፣ ግራም የሚያነብ ሚዛን፣ 1 ሜትር በ1 ሜትር የሆኑ አምስት ስድስት የሽቦ መከለያዎችና 50 በ50 ሳንቲ ሜትር የሆነ የብረት ማዕቀፍ ነው። 50ው የውስጥ ልክ መሆኑን ለበያጁ ይንገሩት። በ8 ሚሊ ሜትር ብረት ከነውፍረቱ 50 ከሆነ ውጤቱ 6 በመቶ ያህል ያንሳል።

መከለያዎቹ ሰኔ መግቢያ ላይ፣ ሳሩ ሳይነሳ ይተከሉ። ክፍት ሜዳ ላይ ብቻ ያጨደ ሰው የለካው የተረፈውን እንጂ የተመረተውን አይደለም፤ ከብት የበላው ከሂሳብ ውጭ ሆኗል። መከለያውን እስከ ጥቅምት እዚያው መተውም ያሳስታል፤ ሳይነካ የቆየ ሳርና እየተጋጠ የሚያቆጠቁጥ ሳር እድገታቸው አንድ አይደለም። ስለዚህ በየወሩ ከውስጥም ከአጠገቡ ክፍት ቦታም በማዕቀፉ ልክ ያጭዱና መከለያውን ያዛውሩት። በወሩ መጨረሻ ከውስጥ ከታጨደው ላይ በወሩ መጀመሪያ ውጭ የነበረው ሲቀነስ የወሩ ምርት ይገኛል። እንደ መንዝ ጓሳ ባለ ቦታ ደግሞ ጭላዳና አይጥም ሳሩን ይካፈላሉ፤ እዚያ ጠባብ ቀዳዳ ያለው ሽቦ ያስፈልጋል፣ ግርጌውም መሬት ውስጥ ይቀበር። አይጡ የበላው ሳር ነው ዞሮ ቀይ ቀበሮን የሚያኖረው።

ክፍት ሜዳው ላይ ማዕቀፉን ወርውሮ መጣል የተለመደ ቢሆንም አይመከርም፤ እጅ ሳይታወቀው ከእሾህና ከረግረግ ይሸሻል። ሜዳውን በቀጥታ መስመር እያቋረጡ በየ20 እርምጃው ያስቀምጡት። 20 ናሙና መነሻ ነው፤ አማካዩ አሁንም ከዋዠቀ ይጨምሩ።

ሥሩ ማዕቀፉ ውስጥ ያለ ተክል ቅጠሉ ወደ ውጭ ቢዘናፈልም ይታጨዳል፤ ሥሩ ውጭ ከሆነ ይተዋል። ሁሌም ከመሬት 1 ሳንቲ ሜትር ላይ ይቁረጡ። የዓምናውን ደረቅ ሳር ለይተው ያውጡ፤ ማገጡን (በሳሩ መሃል የሚበቅለውን ባለ ሦስት ቅጠል ተክል) ለብቻው ከረጢት ይክተቱ። ጭቃውንም ያራግፉ፤ አፈር ሚዛን ይደፋል እንጂ ኃይል የለውም።

ብዙው ሥራ የሚበላሸው ማድረቅ ላይ ነው። ጤዛ ያለበት ሳር ሲመዘን የሚነበበው ውሃ ነው፤ ፌስታል ውስጥ ያደረ ሳር ደግሞ ይሻግታል። በማድረቂያ ምድጃ በ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ48 ሰዓት ያድርቁና በአራት ሰዓት ልዩነት ሁለቴ ይመዝኑ፤ ሁለቱ ንባቦች እኩል ካልሆኑ ገና አልደረቀም። የባዶ ከረጢቱን ክብደት መቀነስ አይርሱ። ፀሐይ ብቻ ያደረቀው ሳር ከ10 እስከ 15 በመቶ ውሃ ይቀረዋል።

የወራቱ ድምር በአንድ ማዕቀፍ 95 ግራም ሆነ እንበል። በ4 ሲባዛ በካሬ ሜትር 380 ግራም፣ በሄክታር 3,800 ኪሎ ነው። አንድ ግራም ደረቅ ሳር ወደ 17 ኪሎጁል ስለሚይዝ በካሬ ሜትር 6,460 ኪሎጁል ይሆናል። በቀን በካሬ ሜትር 5.5 ኪሎዋት ሰዓት (አንዱ 3,600 ኪሎጁል ነው) ፀሐይ የሚያገኝ ደጋ በዓመት በካሬ ሜትር 7.2 ሚሊዮን ኪሎጁል ገደማ ይደርሰዋል፤ ሳሩ የያዘው ከሺህ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ይህ አያስደንግጥ፦ ቅጠል የሚጠቀመው ከብርሃኑ ግማሹን ያህል ነው፣ በጋው ደረቅ ነው፣ ሥሩም አልተመዘነም።

250 ኪሎ የሚመዝን ከብት በቀን የክብደቱን 2.5 በመቶ፣ ማለትም 6.25 ኪሎ ደረቅ መኖ ቢበላ በዓመት 2,280 ኪሎ ይፈጃል። ከሳሩ ግማሹን ለመሬቱ ከተዉለት የሚቀረው 1,900 ኪሎ ነው፤ ስለዚህ ለአንድ ከብት 1.2 ሄክታር ያስፈልጋል። ከብቱ 60 ኪሎ ቢጨምር፣ በኪሎ ወደ 10 ሜጋጁል (10,000 ኪሎጁል) ተይዞ 600 ሜጋጁል ነው፤ የበላው ግን 38,800 ሜጋጁል ገደማ ነበር። 1.5 በመቶ መሆኑ ነው። ከአንዱ እርከን ወደ ቀጣዩ ያልፋል የሚባለው የመማሪያ መጻሕፍቱ «10 በመቶ» ሻካራ አማካይ ስለሆነ ለከብት አይስሩበት።

ከበላው ግማሽ ያህሉ እበት ሆኖ ይወጣል። ሜዳው ላይ ከቀረ ለጢንዚዛ፣ ለምስጥና ለባክቴሪያ ይደርሳል። ለኩበት የሚለቀመው ግን እንደ ሳሩ ደርቆ ተመዝኖ «ከሜዳው የወጣ» በሚል በሌላ ዓምድ ይመዝገብ፤ ከአብስባሾች ድርሻ ጋር ከተደመረ ሂሳቡ ይዛባል።