የምሽት ሠርግ በአዳራሽ፦ ካሜራውን ከሹተር ጀምሮ ማስተካከል

አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) ከፍ ሲል የሚመጣው ኖይዝ፣ ማለትም ምስሉ ላይ የሚታየው ነጠብጣብ፣ በኋላ ሊጸዳ ይችላል። ሹተሩ (ብርሃን ለስንት ጊዜ እንደሚገባ የሚወስነው መዝጊያ) ዘግይቶ የተዛባን የሙሽራ ፊት ግን የትኛውም ሶፍትዌር በወጉ አይመልሰውም። ስለዚህ ፋይሉን ሮው (ካሜራው ያላቀነባበረው ጥሬ ፋይል)፣ ሞዱን ኤም (ሹተሩንና የሌንሱን ክፍተት ራሳችሁ የምትወስኑበት)፣ አይኤስኦውን አውቶ አድርጉና ጣሪያውን 6400 ላይ ገድቡ። ከዚያ መጀመሪያ ሹተሩን ወስኑ።

ሙሽሮቹ ተቀምጠው ምርቃት ሲሰሙ 1/100 ሰከንድ ይበቃል። ወደ አዳራሹ ሲገቡ 1/200 ይሁን። እስክስታ ሲጀመር ከ1/320 አትውረዱ፤ ትከሻ ከእግር ይፈጥናል።

እዚህ ላይ ግን መብራቱ ይፈትናችኋል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ በመሆኑ ፍሎረሰንትና ጥራት የሌለው ኤልኢዲ በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃል፣ ይደክማል። ሹተሩ ከ1/100 ሲፈጥን በተከታታይ ከተነሱት ፎቶዎች አንዱ ደማቅ ሌላው ጨለማ ይሆናል፤ አንዳንዴም ምስሉን አግድም የሚያቋርጥ ጥቁር ጥላ ይወጣል። ካሜራችሁ የዚህ የመብራት ብልጭታ መከላከያ (አንቲ ፍሊከር) ካለው ከሜኑ አብሩት። ድምፅ አልባው የኤሌክትሮኒክ ሹተር ጥላውን ስለሚያባብሰው አጥፉት። አሜሪካ ለሚሠራ ሰው፣ እዚያ 60 ኸርዝ ስለሆነ በ1/100 ፈንታ 1/125 ይያዝ።

በሌንስ በኩል ርካሹ 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ለዚህ ሥራ ትልቅ ባለውለታ ነው። ኤፍ የሌንሱ ክፍተት ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ክፍተቱ ይሰፋል። ይህ ሌንስ ከካሜራው ጋር የሚመጣው ዙም ኤፍ 5.6 ላይ ከሚያስገባው ብርሃን አሥር እጥፍ ገደማ ያስገባል። ኬክ ሲቆረስ ግን 2.8 አድርጉት፤ በ1.8 ሙሽራው ጥርት ሲል ሙሽሪት ልትደበዝዝ ትችላለች። ቤተሰብ በሁለት ረድፍ ሲቆም 5.6 ያስፈልጋል፤ ያ ደግሞ ያለ ፍላሽ አይታሰብም።

የሐበሻ ቀሚስ ሌላው ፈተና ነው። ፍሬሙን ነጭ ሲሞላው ካሜራው ብርሃኑ የበዛ መስሎት ያጨልማል፤ ሸማው ግራጫ፣ ፊትም ጥቁር ይሆናል። ኤክስፖዠሩን (የፎቶውን ድምቀት) ከ+0.7 እስከ +1 ከፍ አድርጉ፤ በኤም ሞድ ይህን የማይቀበል ካሜራ ከሆነ አይኤስኦውን በእጅ ጨምሩ። ቀጥሎ ፎቶውን አጉልታችሁ ጥለቱ አጠገብ ያለውን ነጭ ተመልከቱ። የክሩ ሽመና ካልታየ ኤክስፖዠሩን አንድ እርከን (0.3) ቀንሱ። አጨልሞ አንስቶ በኋላ ማድመቅ አያዋጣም፤ ጥላው ውስጥ የቀለም ነጠብጣብ ይፈላል።

ፍላሹን ፊት ላይ ቀጥታ አትተኩሱ፤ ወደ ነጭ ጣሪያ አዙሩት። መነሻው 1/125፣ ኤፍ 2.8፣ አይኤስኦ 1600 ይሁን፤ አይኤስኦው 200 ላይ ከቀረ ከሙሽሮቹ ጀርባ ያለው ዲኮር ሁሉ ይጠቁራል። ጣሪያው ባለቀለም ጨርቅ ከለበሰ ቀለሙ ፊት ላይ ይወርዳልና ነጭ ግድግዳ ፈልጉ። መድረኩን ሐምራዊ ወይም ሰማያዊ ኤልኢዲ ሲሞላው ዋይት ባላንስ (የመብራቱን ቀለም የሚያርመው ማስተካከያ) አያድንም። መብራቱ እስኪቀየር ጠብቁ ወይም በፍላሽ አንሱ።