ብዙ ቋንቋ በሚነገርበት ክፍል ንባብን ማስጀመር፤ ለድሬዳዋ የአንደኛ ክፍል መምህራን

በድሬዳዋ በአማርኛ በሚማር አንደኛ ክፍል ውስጥ አማርኛን ከቤታቸው ይዘው የመጡ ልጆች፣ በቤታቸው ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ ወይም ሐረሪኛ ከሚነገርባቸው ልጆች ጋር በአንድ ዴስክ ይቀመጣሉ። መምህሩ ጠይቆ አንዱ ልጅ ዝም ሲል ዝምታው ከሦስት የተለያዩ ነገሮች ሊመጣ ይችላል፤ የክፍሉን ቋንቋ ገና አልለመደ ይሆናል፣ አጥርቶ አይሰማ ወይም አያይ ይሆናል፣ ወይም ፊደልን ከድምፅ ጋር ማገናኘት በራሱ ከብዶት ይሆናል። ሦስቱ የሚሹት እርዳታ የተለያየ ስለሆነ ሳይለዩ ማስተማር ልጁን ያለ በደሉ «ሰነፍ» ያሰኘዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 ሐረሪኛን ጨምሮ በስድስት የአገራችን ቋንቋዎች በተካሄደው የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው ምንባብ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አለመቻላቸው ጉዳዩ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያሳያል።

ስለዚህ ፊደል ከመጀመሩ በፊት መለየት ይቀድማል። ወላጆች ልጃቸውን ሊያስመዘግቡ ሲመጡ በቤት የሚነገረው ቋንቋ ተጠይቆ ከልጁ ስም አጠገብ ይጻፍ። ልጁ በአማርኛ መተረክ ካቃተው የቤቱን ቋንቋ የሚችል ባልደረባ ያነጋግረው፤ በቤቱ ቋንቋ አሳምሮ የሚተርክ ልጅ የጎደለው የአማርኛ ቃላት እንጂ የማሰብ ችሎታ አይደለም። መስማቱን ለማወቅ መምህሩ ከልጁ ኋላ ቆሞ በመካከለኛ ድምፅ ቃላትን ይጥራና ልጁ ይድገማቸው፤ ማየቱን ለማወቅ ደግሞ ልጁ ከኋላ ወንበር ሆኖ በሰሌዳው ላይ የተሣሉትን ቅርጾች በደብተሩ ይገልብጥ። ይህ የሐኪምን ምርመራ ባይተካም ማንን ከፊት ማስቀመጥ፣ የማንን ወላጅ ስለ ሕክምና ማነጋገር እንደሚገባ ይጠቁማል። አጥርቶ የማይሰማ ልጅ ባለበት ክፍል መምህሩ ወደ ሰሌዳው ዞሮ አይናገር፤ መስኮትንም ከኋላው አድርጎ አይቁም፤ ብርሃን ከጀርባው ሲመጣ ፊቱ ስለሚጨልም ልጁ የከንፈሩን እንቅስቃሴ ማየት አይችልም።

ቀጥሎ የሚመጣው ድምፅ ነው፤ በእኔ እምነት ብዙ ችኮላ የሚታየውም እዚሁ ላይ ነው። ፊደል ሳይታይ ቃል በጭብጨባ ይከፈል፤ «አበባ» በሦስት፣ «በሬ» በሁለት። የእነዚህ ቃላት ጭብጨባና ፊደል እኩል ስለሆነ ለመጀመሪያ ይመቻሉ። «ቤት» ግን በአንድ ጭብጨባ ተነግሮ በሁለት ፊደል፣ «ልብስ» በአንድ ጭብጨባ ተነግሮ በሦስት ፊደል ይጻፋል፤ ሳድስ፣ ማለትም እንደ «ት» እና «ስ» ያለው ስድስተኛው ቅርጽ፣ አንዳንዴ ከአናባቢ ጋር፣ አንዳንዴ ያለ አናባቢ ስለሚነበብ ልጆች እዚህ ይደናገራሉ፤ እንዲህ ያሉት ቃላት ቆይተው ይምጡ። በሶማሊኛ የጠ፣ የጨ እና የዘ ድምፆች ስለሌሉ በዚህ ቋንቋ ያደገ ልጅ «መታ»ን ከ«መጣ»፣ «ሠራ»ን ከ«ዘራ» በጆሮው እስኪለይ ድረስ በሥዕልና በድርጊት ይለማመድ። መጥበቅና መላላትም እንዲሁ ትኩረት ይሻል። ኦሮምኛና ሶማሊኛ በላቲን ፊደል ሲጻፉ የሚጠብቀው ተነባቢ ይደገማል፤ በግዕዝ ፊደል ግን በዓሉ «ገና» እና ጊዜን የሚያመለክተው «ገና» አንድ ዓይነት ሆነው ስለሚጻፉ ልጁ ሲያነብ የሚለያቸው ከዐረፍተ ነገሩ ሐሳብ ብቻ ነው።

ፊደልን በተመለከተ 33ቱን ቤቶች ከነሰባት ቅርጻቸው፣ ማለትም 231ዱን በሙሉ፣ በዜማ ማስጠናት ልጁ የሚያነብ እንዲመስል ያደርጋል። የቀደሙት የቄስ ትምህርት ቤት መምህራን ይህን በሚገባ ያውቁ ስለነበር ከሀሁ ቀጥለው ቅደም ተከተሉን በሚያፈርሰው በአቡጊዳ ልጁን ይፈትኑት ነበር፤ ይህ ዘዴ ዛሬም ሊሠራበት ይገባል። በአንድ ሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቤቶችን ብቻ መውሰድ፣ ተቀራራቢ ቅርጽ ያላቸውን ነ እና ኘን፣ ተ እና ቸን አራርቆ ማስተማር፣ ድምፃቸው አንድ የሆነውን ሀ፣ ሐ እና ኀን ደግሞ አንዱን ብቻ አስቀድሞ ሌሎቹን ማቆየት ይበጃል። ቁርአን ቤት የቀራ ልጅ ከቀኝ ወደ ግራ ቢጽፍ አይገሠጽ፤ ምልክት ድምፅ እንደሚወክል አስቀድሞ የተረዳ ልጅ ነውና የመስመሩ መነሻ በቀለም ነጥብ ምልክት ይደረግለት።

መርጃ መሣሪያ ለማዘጋጀት ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። በሳህን ላይ የተነጠፈ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ በጣት ለመጻፍ፣ ፊደል የተጻፈባቸው የለስላሳ ቆርኪዎች ቃል ለመገጣጠም፣ ከካርቶን ተቆርጠው የወጡ ፊደላት ማየት ለተሳናቸው ልጆች በመዳሰስ ቅርጽን ለመለየት ያገለግላሉ፤ ዓይነ ስውር ልጅ ግን ከዚህ አልፎ ብሬል መማር ስላለበት ርእሰ መምህሩ ከጅምሩ ይወቀው። ከሁሉም አብልጬ የምመክረው ልጆች ራሳቸው የሚያስጽፉትን ምንባብ ነው። ስለ ቀፊራ ገበያ ወይም ስለ ባጃጅ ጉዞ በፈለጉት ቋንቋ ይናገሩ፤ መምህሩ በጋራ ወደ አማርኛ መልሶ አራት አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች በትልቅ ወረቀት ይጻፍ፤ ሐሳቡ የራሳቸው ስለሆነ ደካማው ልጅ እንኳ ቀጣዩን ቃል ይገምታል። ለተጨማሪ ንባብ አፍሪካን ስቶሪቡክ በተባለው ነፃ የመጻሕፍት ስብስብ ውስጥ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ የተዘጋጁ የሕፃናት ታሪኮች አሉ፤ አውርዶ ማተምም ይፈቀዳል።

የንባብ ክፍለ ጊዜ የከተማችን ሙቀት ሳይበረታ በጠዋት ይሁን። አንድ ልጅ ሲያነብ ሌላው ተቀምጦ ከሚጠብቅ በመጀመሪያ ሁሉም በአንድነት፣ ከዚያ ሁለት ሁለት ሆነው ያንብቡ፤ ጥንዶቹ መጀመሪያ በቤት ቋንቋቸው የሚመሳሰሉ፣ በኋላም የተለያዩ ይሁኑ። መምህሩ በየቀኑ ጥቂት ልጆችን ለብቻቸው ወስዶ ያስነብብና የለዩትንና ያልለዩትን ፊደል ይመዝግብ። ሰምቶ፣ አይቶና በቋንቋው አውርቶ ሳለ እስከ መጀመሪያው መንፈቅ ዓመት መጨረሻ ፊደል ያልያዘለት ልጅ በክፍሉ ፊት እንዲያነብ አይገደድ፤ የፊደሉ ቁጥር ይቀነስለት፣ ልምምዱ ይጨመርለት፣ የልዩ ፍላጎት መምህር ካለም አብሮ ይየው። ዓመቱ ሲያልቅ ምዝገባው ከነቤት ቋንቋው፣ ከሚመቸው መቀመጫና ከያዛቸው ፊደላት ጋር ለሁለተኛ ክፍል መምህሩ በእጅ ይሰጥ።